የሰርኪዩት መከላከያ አመራረጥ፦ ፊውዝ፣ ፒቲሲ፣ ቫሪስተር፣ ቲቪኤስ ወይስ ሌላ?

የተቃጠለ ቦርድ ሲከፈት ፊውዙ ደኅና ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሞስፌቱ (እንደ ማብሪያ የሚሠራው ሴሚኮንዳክተር) ተሰንጥቋል፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ክፍል) ጠቁሯል፣ ፊውዙ ግን በሜትር ሲለካ ምንም አልሆነም። ይህ የፊውዙ ጥፋት አይደለም። ፊውዝ የሚያድነው ሽቦና ትራክ (የቦርዱ የመዳብ መስመር) ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ነው። ሴሚኮንዳክተር በማይክሮ ሰከንዶች ሊሞት ይችላል፤ ፊውዝ በከባድ ሾርት ጊዜ እንኳ ለመቆረጥ ሚሊ ሰከንዶች ይፈጅበታል።

ስለዚህ "የትኛው ይሻላል?" ከማለት በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ከየትኛው ጥፋት ነው የምንከላከለው? መከላከያው ሥራውን ከሠራ በኋላ ዕቃው ምን ላይ ይቀራል፦ ጠፍቶ ይቆያል፣ ራሱ ይመለሳል ወይስ ጥገና ይፈልጋል? መከላከያው ራሱ ሲበላሽስ ክፍት ይሆናል ወይስ ሾርት? አብዛኛው ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። ምርጫውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ሾርት ሆኖ የሚሞት መከላከያ ከፊቱ ሌላ መከላከያ ካልተቀመጠለት ራሱ የእሳት ምንጭ ይሆናል።

ለከረንት፦ ፊውዝ፣ ፒቲሲ ወይስ ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ

ተራው የመስታወት ወይም የሴራሚክ ፊውዝ ክፍት ሆኖ ነው የሚሞተው። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ለግድግዳ መብራት (ከሶኬት ለሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል)፣ ለትልቅ ባትሪና ከፍተኛ ከረንት ሊሰጥ ለሚችል ምንጭ ሁሉ የመጀመሪያው መስመር ፊውዝ ይሁን፤ ከኋላው ሌላ ምንም ዓይነት ዘመናዊ መከላከያ ቢኖርም ይህ አይቀርም።

ፊውዝ ሲመረጥ አምፔሩ ብቻ መታየቱ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ባለ 5 በ20 ሚሊ ሜትር መስታወት ፊውዝ ዝቅተኛ የመቁረጥ አቅም አለው፤ በዓለም አቀፉ የፊውዝ መመዘኛ አይኢሲ 60127 መሠረት 35 አምፔር ወይም የስሙን (በላዩ የተጻፈውን አምፔር) አሥር እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው። ያው መጠን ያለው ሴራሚኩ፣ በአሸዋ የተሞላው፣ 1500 አምፔር ድረስ መቁረጥ ይችላል። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ በሚመጣ መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊያልፍ ይችላል። መስታወቱ ያን ጊዜ ሊፈነዳ ወይም በውስጡ አርክ ተፈጥሮ ከረንቱ ማለፉን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ለግድግዳ መብራት ሴራሚኩን ይውሰዱ፤ መስታወቱን ከትራንስፎርመር በኋላ ላለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይተዉት።

ቮልቴጁም እንዲሁ ነው። የመኪና ፊውዝ ብዙ ጊዜ 32 ቮልት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ 48 ቮልት የባትሪ ሲስተም ላይ ቦታ የለውም። ዲሲ ከኤሲ ይከፋል፤ ኤሲ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ አርኩ ይጠፋል፣ በዲሲ ግን የሚያጠፋው የለም። ፊውዙ ላይ 250 ቮልት ተጽፎ ከጎኑ ዲሲ ካልተጠቀሰ፣ ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ውስጥ የዲሲ መጠኑን ሳያዩ በከፍተኛ ዲሲ ላይ አይጠቀሙበት።

ሌላው ደግሞ ሁለቱ መመዘኛዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የአይኢሲ ፊውዝ በተለመዱት መጠኖች የስሙን 1.5 እጥፍ ከረንት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይቆረጥ መሸከም አለበት፤ ባለ 2 አምፔሩ 3 አምፔር ይሸከማል ማለት ነው። በአሜሪካው መመዘኛ በዩኤል 248-14 የተሠራው ግን በ135 በመቶ፣ ማለትም በ2.7 አምፔር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆረጥ አለበት። ሁለቱም ላይ "2 አምፔር" ተጽፏል፤ ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። የዩኤሉን ከስሙ 75 በመቶ በላይ ዘወትር አይጫኑት። የአይኢሲውን ሲጠቀሙ ደግሞ ትራኩና ሽቦው ያንን 1.5 እጥፍ ያለ ችግር መሸከማቸውን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ፊውዙ ሳይቆረጥ ትራኩ ይነሳል።

ፈጣን ወይስ ዘግይቶ የሚቆረጥ? እዚህ ላይ በግምት መሄድ አያዋጣም፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። 24 ቮልት የሚገባው፣ 1.5 አምፔር የሚጠቀም፣ መግቢያው ላይ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ያለው ቦርድ እንውሰድ። የምንጩና የሽቦው ሬዚስታንስ በድምሩ 0.2 ኦም ይሁን። ሲበራ የመጀመሪያው ከረንት 24 ለ0.2 ሲካፈል፣ 120 አምፔር ይሆናል። ካፓሲተሩ ሲሞላ የሚያልፈው የማቅለጥ ጉልበት፣ አይ ስኩዌር ቲ የሚባለው፣ ካፓሲታንሱ በቮልቴጁ ስኩዌር ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሁለት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ 0.001 በ576 ተባዝቶ ለ0.4 ሲካፈል 1.44 አምፔር ስኩዌር ሰከንድ። ዕቃው በዕድሜው መቶ ሺህ ጊዜ የሚበራ ከሆነ ይህ ቁጥር ከፊውዙ የማቅለጫ መጠን 22 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የማቅለጫ መጠኑ ቢያንስ 6.6 አምፔር ስኩዌር ሰከንድ የሆነ ፊውዝ ያስፈልጋል። አሥር ሺህ ጊዜ ብቻ ከሆነ 29 በመቶ ድረስ ይፈቀዳል። ባለ 2 አምፔር ፈጣን ፊውዝ ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም፤ ዘግይቶ የሚቆረጠው ግን ያሟላል። ዳታሺቱ ላይ ቁጥሩን ፈልገው ያወዳድሩ።

ይህ ካልተደረገ ፊውዙ በመጀመሪያው ቀን አይቆረጥም። በየማብራቱ ሽቦው ትንሽ ትንሽ እየለጠጠና እየደከመ ይሄድና ከወራት በኋላ ምንም ጥፋት ሳይኖር ይበጠሳል። ባለቤቱ ደግሞ "ፊውዙ ደካማ ነው" ብሎ 5 አምፔር ያስገባበታል። እሳት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የተሻለው መንገድ ፊውዙን ከማሳደግ ይልቅ የመነሻውን ከረንት መቀነስ ነው፦ በዚሁ ምሳሌ 1 ኦም በተከታታይ ቢጨመር ያ 1.44 ወደ 0.24 ይወርዳል።

ፒቲሲ፣ ማለትም ራሱን የሚመልሰው ፖሊመር ፊውዝ፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ብዙ እጥፍ የሚያድግ ክፍል ነው። ጥፋቱ ተወግዶ ኃይል ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ለዩኤስቢ መውጫ፣ ለሴንሰር መስመርና ተጠቃሚው በየጊዜው ሾርት ሊያደርገው ለሚችል ማንኛውም አነስተኛ መውጫ እሱን የሚያህል የለም። ገደቦቹ ግን ብዙ ናቸው።

ሁለት ከረንቶች አሉት፦ ሳይነቃ የሚሸከመውና በእርግጠኝነት የሚነቃበት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በመካከሉ ያለው ክልል "ሊነቃም ላይነቃም ይችላል" የሚባልበት ነው። በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.1 አምፔር የሚሸከመው በ60 ዲግሪ ሲሶውን ያህል ያጣል፤ ፀሐይ በሚመታው ሳጥን ውስጥ ያለ ምክንያት የሚጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። በትንሽ ከመጠን ማለፍ ጊዜ ለመንቃት ሰከንዶች ይፈጅበታል። ከነቃ በኋላም ከረንቱን ሙሉ በሙሉ አይቆርጥም፤ ጥቂት እያሳለፈ ሙቅ ሆኖ ይቆያል። አንድ ጊዜ ነቅቶ ከተመለሰ በኋላ ሬዚስታንሱ ከአዲሱ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ የቮልቴጅ መውደቅን ሲያሰሉ ዳታሺቱ ላይ ከመንቃት በኋላ ያለውን ከፍተኛ ሬዚስታንስ እንጂ አዲሱን አይውሰዱ። ከሁሉም በላይ የቮልቴጅ ጣሪያውን ያክብሩ። ባለ 16 ቮልት ፒቲሲ 24 ቮልት ላይ በሥራ ሰዓት ምንም ልዩነት አያሳይም፤ ሲነቃ ግን ሙሉውን ቮልቴጅ ብቻውን ስለሚሸከም በውስጡ አርክ ፈጥሮ ይነዳል።

ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ የሚባለው በአንድ ቺፕ ውስጥ ሞስፌት፣ የከረንት መለኪያና የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የያዘ ነው። ሾርት ሲፈጠር በማይክሮ ሰከንዶች ይቆርጣል፣ የመነሻ ከረንቱን ቀስ ብሎ ያስነሳል፣ የቮልቴጅ ከፍታና ዝቅታንም ይጠብቃል። ከኋላው ውድ ፕሮሰሰር ወይም ስስ ዲሲ ለዲሲ ኮንቨርተር ካለ ሴሚኮንዳክተሩን በእርግጥ ሊያድን የሚችለው እሱ ነው። ሲገዙ ሁለት ዓይነት እንዳለ ያስተውሉ፦ አንዱ ቆርጦ የሚቀርና ኃይል እስኪጠፋ የማይመለስ፣ ሌላው እየደጋገመ የሚሞክር። ሰው ሳይደርስበት በሩቅ ቦታ ለሚሠራ ዕቃ የሚደጋግመው ይሻላል። ሞተር ወይም ማሞቂያ ለሚነዳ ዕቃ ግን ቆርጦ የሚቀረው ይሁን፤ ሰው እጁን አስገብቶ እየፈተሸ ሳለ በራሱ የሚነሳ ሞተር አደጋ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ዙሪያ በብዛት የሚታየው ስህተት ፍጥነቱን አለማሰብ ነው። በመግቢያ ሽቦው ላይ 10 አምፔር እያለፈ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢቆረጥ፣ የሽቦው 1 ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ ብቻ 10 ቮልት በመግቢያው ላይ ይጨምራል፤ ሽቦው ረዝሞ 3 ማይክሮ ሄንሪ ከሆነ 30 ቮልት። 24 ቮልት ላይ ሲደመር ቺፑ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ መግቢያው ላይ፣ ከቺፑ እግር ጋር ተጠግቶ፣ ቲቪኤስ (የቮልቴጅ ዝላይን የሚይዝ ዳዮድ) እና ሴራሚክ ካፓሲተር ይቀመጥ፤ መውጫው ላይ ደግሞ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ሾትኪ ዳዮድ (ሲያሳልፍ ትንሽ ቮልቴጅ ብቻ የሚበላ ዓይነት) ይግባ። ውስጡ ያለው ሞስፌት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ስለሚቀር፣ ከፊቱ ተራ ፊውዝ መኖሩ አሁንም ግዴታ ነው።

ለቮልቴጅ ዝላይ፦ ቫሪስተር፣ ቲቪኤስ፣ ጋዝ ቱቦ

ሦስቱም ሥራቸው ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ጎን መሳብ ነው፤ ልዩነታቸው በጉልበት፣ በፍጥነትና በትክክለኛነት ነው። ቫሪስተር ብዙ ጉልበት ይችላል፣ የሚይዝበት ቮልቴጅ ግን ልቅ ነው፣ እያረጀም ይሄዳል። ቲቪኤስ ዳዮድ ጥብቅና ፈጣን ነው፣ በልኩ ከተጠቀሙበት አያረጅም፣ የሚችለው ጉልበት ግን ውስን ነው። ጋዝ ቱቦ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይችላል፣ ካፓሲታንሱ ከሁለት ፒኮ ፋራድ አይበልጥም፣ ነገር ግን ለመቀጣጠል ይዘገያል።

ለ230 ቮልት መስመር ቫሪስተር ይምረጡ። ስሙን ማንበብ ቀላል ነው፦ 14ዲ471ኬ ማለት 14 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በ1 ሚሊ አምፔር 470 ቮልት፣ 10 በመቶ ግራና ቀኝ ማለት ነው። ይህ 300 ቮልት ኤሲ ዘወትር ይሸከማል፤ 50 አምፔር ሲያልፍበት 775 ቮልት ላይ ይይዛል። 431ኬ ደግሞ 275 ቮልት ኤሲ ድረስ ነው፣ የሚይዘውም 710 ቮልት ላይ ነው። መስመሩ የተረጋጋ ከሆነ 431 ይበቃል፤ ወደ ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ 471 ይውሰዱ። በአያያዝ የሚያጡት 65 ቮልት ነው፤ በዕድሜ የሚያተርፉት ይበልጣል።

ቫሪስተር ለማይክሮ ሰከንዶች ዝላይ የተሠራ ነው፤ ለሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ መልስ አይደለም። በሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራል ሲበጠስ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ ቫሪስተሩ ያለማቋረጥ ይሳባል፣ ይግላል፣ ሾርት ሆኖ ይነዳል። ከፊቱ ፊውዝ ከሌለ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እሱም ቢሆን አይበቃም፤ በመጠኑ የሚሳብ ያረጀ ቫሪስተር ፊውዙን ሳይቆርጥ ፕላስቲኩን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት ያወጣል። የሙቀት መቁረጫ አብሮት የታሸገበትን ዓይነት መምረጥ፣ ያ ካልተገኘ ቴርማል ፊውዝ ከአካሉ ጋር አጣብቆ በተከታታይ ማስገባት ነው መፍትሔው። ኒውትራል መበጠስ ወይም ለረጅም ጊዜ ከፍ የሚል ቮልቴጅ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን እየለካ በሪሌይ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፤ የቫሪስተሩን መጠን ማሳደግ አይረዳም።

ለዲሲ መግቢያ ቲቪኤስ ይምረጡ፤ ነገር ግን ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የሚይዝበት ቮልቴጅ አለመሆኑን ያስታውሱ። ኤስኤምቢጄ12ኤ 12 ቮልት ድረስ ዝም ይላል፣ ከ13.3 እስከ 14.7 ባለው መሳብ ይጀምራል፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ግን የሚይዘው 19.9 ቮልት ላይ ነው። ከኋላው 15 ቮልት ብቻ የሚችል ሬጉሌተር ካለ ቲቪኤሱ ሳይነካ ሬጉሌተሩ ይሞታል። በ24 ቮልት ሲስተም ደግሞ ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል፦ ባትሪ እየተሞላ 28.8 ቮልት ሲደርስ ኤስኤምቢጄ24ኤ፣ መሳብ የሚጀምረው ከ26.7 ጀምሮ ስለሆነ፣ ዘወትር እየሳበ ግሎ ይቃጠላል። ኤስኤምቢጄ30ኤ ያስፈልጋል፤ የእሱ ከፍተኛ አያያዝ 48.4 ቮልት ነው። ስለዚህ ከኋላው 36 ወይም 40 ቮልት የሚል ኮንቨርተር ሳይሆን 60 ቮልት የሚችል ይግባ። በቲቪኤስ ብቻ ክፍተቱን ለማጥበብ ከመታገል ጠንካራ ኮንቨርተር መግዛት ሁልጊዜ ይቀላል፣ ይህን ደግሞ ቦርዱ ከመሳሉ በፊት መወሰን ነው።

መኪና ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ኦልተርኔተሩ እየሞላ ሳለ የባትሪው ገመድ ቢላቀቅ የሚፈጠረው ዝላይ እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። የኤስኤምቢጄ 600 ዋት የተለካው ግን በአንድ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ በሚቆይ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ይቃጠላል። ለዚህ የተሠሩት እንደ ኤስኤም8ኤስ ያሉ ትላልቆቹ ናቸው። የሞተውን ባትሪ በ24 ቮልት መኪና ማስነሳትም የተለመደ ስለሆነ፣ መሳብ የሚጀምርበት ቮልቴጅ ከ24 በላይ መሆን አለበት።

ጋዝ ቱቦ ለስልክ፣ ለአንቴናና ረጅም ርቀት ለሚሄድ የሲግናል መስመር ነው። በኃይል መስመር ላይ ብቻውን አያስገቡት። አንዴ ከተቀጣጠለ በ10 እስከ 20 ቮልት አካባቢ መንደዱን ስለሚቀጥል፣ 24 ወይም 48 ቮልት ዲሲ ላይ ዝላዩ ካለፈ በኋላም ምንጩን ሾርት አድርጎ ይይዛል። ከቫሪስተር ጋር በተከታታይ ሲገባ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ፦ ቫሪስተሩ ቱቦውን ያጠፋዋል፣ ቱቦው ደግሞ ቫሪስተሩ በሥራ ሰዓት እንዳይሳብና እንዳያረጅ ያደርጋል። ከመስመር ወደ ኧርዝ የሚገባ መከላከያ በዚህ መንገድ ቢሠራ ይመረጣል።

ተራ ዜነር ዳዮድ ለዝላይ መያዣነት አይሆንም፤ ለሬፈረንስ የተሠራ ስስ ክፍል ነው።

የእጅ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለብቻው ይታያል። በአይኢሲ 61000-4-2 የ8 ኪሎ ቮልት የንክኪ ሙከራ 30 አምፔር በአንድ ናኖ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይደርሳል። እዚህ ላይ ከክፍሉ ዓይነት ይልቅ ቦታው ይበልጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ትራክ ወደ አንድ ናኖ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው። 30 አምፔር በ0.8 ናኖ ሰከንድ ሲነሳ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 37 ቮልት ያህል ይፈጠራል። ዳዮዱ ከመስመሩ ወደ ጎን በ5 ሚሊ ሜትር ቅጥያ ከተንጠለጠለ፣ ዳዮዱ ራሱ 10 ቮልት ላይ ቢይዝም ቺፑ የሚያየው 200 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ትራኩ ከኮኔክተሩ መጥቶ በዳዮዱ ፓድ ላይ አልፎ ወደ ቺፑ ይሂድ፤ የዳዮዱ ግራውንድ እግርም አጠገቡ ባለ ቪያ (የቦርዱን ንጣፎች በሚያገናኝ ቀዳዳ) በቀጥታ ወደ ግራውንድ ፕሌን (ሰፊው የግራውንድ ንጣፍ) ይውረድ። ዳዮዱ ለኮኔክተሩ ይጠጋ እንጂ ለቺፑ አይደለም። ለዩኤስቢ 3 እና ለመሳሰሉት ፈጣን መስመሮች ካፓሲታንሱ ከ0.5 ፒኮ ፋራድ በታች የሆነውን ይምረጡ፤ ለማብሪያ ቁልፍና ለዘገምተኛ መስመር ግን ይህ አያሳስብም።

ፕላስና ማይነስ ሲገለበጥ

ኮኔክተሩ በግልባጭ የማይገባ ከሆነ እዳው ገብስ ነው። ብሎን ያለው ተርሚናል ወይም ልቅ ሽቦ ከሆነ ግን አንድ ቀን መገልበጡ አይቀርም።

በተከታታይ የሚገባ ዳዮድ ቀላሉ ነው። 1ኤን4007 1 አምፔር ድረስ ይሠራል፣ 1 ቮልት ያህል ይበላል። ሾትኪው፣ ለምሳሌ ኤስኤስ34፣ በ2 አምፔር ግማሽ ቮልት ገደማ ይበላል፤ 1 ዋት ያህል ሙቀት ማለት ነው። ለ12 ቮልትና ከ1 አምፔር በታች ለሆነ ጭነት ሾትኪ ይበቃል፣ ሌላ ማሰብም አያስፈልግም። በ3.7 ቮልት ባትሪ ለሚሠራ ዕቃ ግን ግማሽ ቮልት ከባድ ኪሳራ ነው።

ያን ጊዜ ፒ ቻናል ሞስፌት ይገባል። 20 ሚሊ ኦም ያለው በ2 አምፔር 40 ሚሊ ቮልት ብቻ ይወስዳል፣ ሙቀቱም 0.08 ዋት ነው። አገባቡ ለለመደው ሰው የተገለበጠ ይመስላል፦ ድሬኑ ወደ ምንጩ፣ ሶርሱ ወደ ጭነቱ፣ ጌቱ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ። ይህ በስህተት ተገልብጦ ከገባ ዕቃው በትክክለኛው ፖላሪቲ ደኅና ይሠራል፤ ፖላሪቲው የተገለበጠ ቀን ግን በውስጡ ያለው ዳዮድ ስለሚያሳልፍ ምንም አይከላከልም። ስለዚህ ሙከራ ላይ ሳይገለብጡ "ይሠራል" ብለው አይፈርሙ። ጌቱም ጠባብ ጣሪያ አለው፦ ብዙዎቹ 20 ቮልት፣ እንደ ኤኦ3401 ያሉት ደግሞ 12 ቮልት ብቻ ነው የሚችሉት። ከ10 ቮልት በላይ በሆነ ምንጭ ላይ በጌትና በሶርስ መካከል ባለ 10 ቮልት ዜነር ይጨምሩ።

ሞስፌቱ የማያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከረንት ከጭነቱ ወደ ምንጩ እንዳይመለስ አይከለክልም። ሁለት ምንጮች የሚደራረቡ ከሆነ፣ ባትሪና አዳፕተር ለምሳሌ፣ ሾትኪ ወይም አይዲያል ዳዮድ ኮንትሮለር ይጠቀሙ።

ሦስተኛው መንገድ ፊውዝ ካስገቡ በኋላ ዳዮዱን ከመስመሩ ወደ ግራውንድ ማጋደም ነው፤ ሲገለበጥ ዳዮዱ ሾርት ያደርግና ፊውዙ ይቆረጣል። በሥራ ጊዜ ምንም አይባክንም። ግን ዳዮዱ ፊውዙ እስኪቆረጥ ያለውን ከረንት መቻል አለበት፣ ቦርዱም ለጥቂት ጊዜ 1 ቮልት በግልባጭ ያያል፣ ጥፋቱም በተፈጠረ ቁጥር ፊውዝ መቀየር ይመጣል። ከፍተኛ ከረንት ላለውና ባለሙያ ብቻ ለሚነካው ዕቃ እንጂ ለቤት ዕቃ አንመክረውም። አንድ አቅጣጫ ያለው ቲቪኤስ ከሞስፌቱ በፊት ሲቀመጥ ሳይታሰብ ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራም ልብ ይበሉ፦ ሲገለበጥ እንደ ተራ ዳዮድ አሳልፎ ፊውዙን ይቆርጣል። ያ ካልተፈለገ ሁለት አቅጣጫ ያለውን ይምረጡ።

የማብሪያ ከረንት፦ ኤንቲሲ ወይስ ሪሌይ

230 ቮልት ኤሲ ጫፉ 325 ቮልት ነው። ባዶ ካፓሲተር ላይ 5 ኦም ኤንቲሲ (ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚወርድ ክፍል) ከረንቱን ወደ 65፣ 10 ኦም ደግሞ ወደ 32 አምፔር ያወርደዋል። ለአነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ይህ በቂ ነው። ደካማ ጎኑ ትኩስ ሆኖ እንደገና ሲበራ ነው፤ መብራት ሄዶ በሁለት ሰከንድ ሲመለስ ኤንቲሲው ገና ስላልቀዘቀዘ ሬዚስታንሱ ወርዶ ነው የሚያገኘው፣ ካፓሲተሩ ግን ባዶ ሆኗል። መብራት ደጋግሞ በሚቆራረጥበት ቦታ ወይም ከጥቂት መቶ ዋት በላይ ላለው ዕቃ ሬዚስተር አስገብቶ ከሞላ በኋላ በሪሌይ ማለፍ ይሻላል። ሪሌዩ ባይዘጋ ሬዚስተሩ ስለሚነድ፣ ሬዚስተሩ ራሱ እንደ ፊውዝ የሚቆረጥ ዓይነት ይሁን።

ሰውን የሚያድነው የትኛው ነው?

እስካሁን ያለው ሁሉ ዕቃን ነው የሚጠብቀው። 2 አምፔር ፊውዝ ሰው ውስጥ ለሚያልፍ 50 ሚሊ አምፔር ምንም አይሰማውም፤ ያ ከረንት ግን ሊገድል ይችላል። ብሬከርም እንደዚሁ ነው፦ ሲ ዓይነቱ በቅጽበት ለመቁረጥ የስሙን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይፈልጋል፣ ሽቦውን ነው የሚያድነው። ሰውን የሚጠብቀው በሚወጣውና በሚመለሰው ከረንት መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካው ባለ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር ነው። እሱም ቢሆን ላይንና ኒውትራልን በሁለት እጅ የያዘን ሰው አያውቀውም፤ ለእሱ ያ ተራ ጭነት ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥበቃ አሠራሩ ነው። ሁለት ምርጫ አለ፦ የብረት ሳጥን ከኧርዝ ጋር፣ ወይም ያለ ኧርዝ ድርብ ኢንሱሌሽን። ኧርዙ አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ድርቡን ይምረጡ። በዚህ ጊዜ በከፍተኛው ቮልቴጅና ሰው በሚነካው ክፍል መካከል በቦርዱ ገጽ ላይ ያለው ርቀት ለ250 ቮልት፣ በተለመደው ቦርድና በተለመደው የአቧራ መጠን፣ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 6 እና ከዚያ በላይ መተው ይመከራል። ኦፕቶካፕለሩ (ሁለቱን ወገኖች በብርሃን የሚያገናኘው ክፍል) ሥር ትራክ ማሳለፍ ይህን ርቀት በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል።

ካፓሲተሮችም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። በላይንና በኒውትራል መካከል ኤክስ፣ ወደ ኧርዝ ወይም ከፕራይመሪ ወደ ሴኮንደሪ ዋይ ዓይነት ብቻ ይግባ። ዋይ ሾርት እንዳይሆን ተብሎ በጥብቅ መመዘኛ የተሠራ ነው፤ በምትኩ ተራ ባለ 1 ኪሎ ቮልት ሴራሚክ ማስገባት የሰውን ሕይወት ማስያዝ ነው። መጠኑም ይገደባል፦ 2.2 ናኖ ፋራድ በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ 0.16 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። የላይንና የኒውትራል ሁለት እኩል ዋይ ካፓሲተሮች ያሉት የብረት ሳጥን ኧርዙ ከተቋረጠ ግማሹን ቮልቴጅ፣ 115 ያህል፣ ይይዛል፤ ሲነኩት የሚቆነጥጠው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ኧርዙን ማስተካከል ነው፤ ካፓሲተሩን ነቅሎ መጣል የሬዲዮ ረብሻ ያመጣል፣ የተቋረጠውን ኧርዝም አይጠግንም።

ምርጫው ካለቀ በኋላ

ክፍሎቹ ከመግቢያው ጀምሮ በዚህ ቅደም ተከተል ይግቡ፦ መጀመሪያ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ቫሪስተር ወይም ቲቪኤስ፣ ከዚያ የፖላሪቲ መከላከያ፣ ከዚያ ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ካለ እሱ፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ ካፓሲተርና ኮንቨርተሩ። ትልቁ ካፓሲተር ከፖላሪቲ መከላከያው በፊት ከገባ ሲገለበጥ የሚፈነዳው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ናሙና ከረንቱ በ100 ሚሊ አምፔር በተገደበ የላብ ፓወር ሰፕላይ ያስነሱ፤ ደኅና ከሆነ ገደቡን ከፍ ያድርጉ። ቀጥሎ ዕቃው በሚሠራበት ትክክለኛው ምንጭ፣ በሙሉ ጭነት፣ በሚሠራበት ከፍተኛ ሙቀት ለአንድ ሰዓት አቆይተው የፊውዙንና የመያዣውን ሙቀት ይለኩ፤ የላላ የፊውዝ መያዣ ከፊውዙ በላይ ይሞቃል። ከዚያ መውጫውን ሾርት ያድርጉ፣ መግቢያውን ይገልብጡ፣ በፍጥነት አጥፍተው ያብሩ። በሾርት ሙከራው ጊዜ በዳታሺት የተጻፈው የመቁረጥ አቅም እንዲታይ ትክክለኛው ምንጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ የላብ ሰፕላይ ራሱ ስለሚገድብ ምንም አያሳይም።

በመጨረሻም ከፊውዙ አጠገብ ቦርዱ ላይ ሙሉውን ዓይነት ያትሙ፦ ቲ 2ኤ ኤች 250ቪ። ቲ ዘግይቶ የሚቆረጥ፣ ኤች ከፍተኛ የመቁረጥ አቅም ያለው ማለት ነው። "2ኤ" ብቻ ከተጻፈ ጠጋኙ ያገኘውን መስታወት ያስገባል፤ ለሴራሚኩ ሲባል የተሠራው ሒሳብ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል።